በስቅለት ቀን የጠፉት ስድስት ቴሌቪዥኖች

ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነበር። በድረዲን ከጁምዓ ሶላት ተመልሶ ሱቁን ሲከፍት አልተሰበረም፣ አልተፋቀም፣ እንደ ወትሮው ቁልፉን ሲያዞረው ከፈት አለለት። መብራቱን ሲያበራ ግን ከበሩ አጠገብ የተደረደሩት ስድስት ቴሌቪዥኖች የሉም። ካርቶኖቹ የነበሩበት የሲሚንቶ ወለል ብቻ አቧራ ሳይነካው ነጭ ሆኖ ይታያል።

ፋሲካ ሲቃረብ በድረዲን በሱቁ ግንባር ላይ "የበዓል ቅናሽ" የሚል ቢጫ ጨርቅ ሰቅሎ ነበር። ሰው ከጎብዬም ከዋጃም በሚኒባስ እየመጣ ቆቦ ላይ ወርዶ ይገዛል። በዚያ ሱቅ ቴሌቪዥን ዝም ብሎ አይሸጥም። ከካርቶኑ ወጥቶ፣ ገዢው ፊት ተከፍቶ፣ ምስሉና ድምፁ ተሞክሮ ነው እንደገና የሚታሸገው። የጠፉት ስድስቱ ተሞክረው፣ ስም ተጽፎባቸው፣ ባለቤቶቻቸው ቅዳሜ ሊወስዷቸው የተቀመጡ ነበሩ።

ይህ ሙከራ የወንድሜ የኤፍሬም ሥራ ነበር። ኤፍሬም ከሱቁ ጓዳ ተቀምጦ የተበላሸውን ይጠግናል፣ አዲሱን ይሞክራል። ስቅለት የዋለው እሱ በሞተ በሃያ ስድስተኛው ቀን ነው። ከእሱ በኋላ ሙከራውን የያዘው የሱቁ ሻጭ ደጀን ነበር። ደጀን የወንድሜ ጓደኛ ነው፤ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ።

ያን ዕለት ማታ ደጀን ታሰረ።

*

ጉዳዩን የያዘው ኢንስፔክተር ኑሀ ነው። ሃምሳ የተጠጋው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲያስብ የእጅጌውን ቁልፍ የሚፈታና የሚቆልፍ ሰው ነው። ያላየሁትን ለኤፍሬም አርባ መጥቶ ራሱ ነግሮኛል።

መጀመሪያ የጠየቀው በድረዲንን ነበር። ስርቆቱ ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ባለው ጊዜ መፈጸሙ ግልጽ ነው። በዚያ ሰዓት ክርስቲያኑ ስግደት ላይ፣ እስላሙ መስጊድ ነው። ቆቦ እንደዚያ ጭር የምትልበት ሰዓት በዓመት አንዴ ነው። ሌባው ይህን አስቦበታል።

"ከስድስት እስከ ስምንት የት ነበርክ?"

"አንተ አጠገብ ነዋ" አለ በድረዲን። "ለሶላት ሰፍ ስንይዝ እግሬን ረግጠኸኝ የለ?"

"ለመዝገቡ ነው የምጠይቅህ።"

"እንግዲያው እግሬንም መዝገቡ ላይ ጻፈው።"

የሱቁ ቁልፍ ሁለት መሆኑን ተናገረ። አንዱ በራሱ ኪስ ነው፣ ሁለተኛው ደጀን ጋ። ይህን ከተናገረ በኋላ ራሱ ደነገጠና ደጀን አይሰርቅም፣ ወላሂ አይሰርቅም እያለ ኢንስፔክተሩን እስከ መንገዱ ተከተለው። ግን ቃሉ ወጥቷል።

ደጀን ከጠዋት እስከ ማታ ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ዋልኩ፣ ቁልፉም ከኪሴ አልወጣም አለ። ችግሩ መታጠፊያው ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠው ሀስና ነች። እሷ ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ደጀንን አይታዋለች። ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ፣ ጀርባውን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥቶ፣ ወደ ታችኛው ሰፈር እየቸኮለ ሲሄድ። ሰላም ስትለው እንኳ አልመለሰላትም።

ሀስና አንድ ነገር ከጀመረች ሌላውንም ሳትጨርስ አትተውም። የዚያን ቀን መንገዱ እንዴት እንዳስፈራት፣ ቲማቲሙ በሙቀቱ እንዴት እንደላመባት፣ የእድር ድንኳን የጫነ ባጃጅ ሲያልፍ ደግሞ ማን ሞተ ብላ እንዴት እንደደነገጠች ሁሉ ነገረችው። ኢንስፔክተሩ የጻፈው የደጀንን ብቻ ነው። የቀረውን በጆሮው ይዞ ሄደ።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሳጅን ሰለሞን ቄጠማውን ግንባሩ ላይ አስሮ ቢሮ ገባ። ወንበር ላይ የተቀመጠው ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ተደግፎ ነው። አርብ ሲሰግድ የዋለ ሰው ቅዳሜ እንዴት እንደሚሄድ ማንም ያውቃል፤ ጭኑ ድንጋይ ይሆናል፣ ደረጃ መውረድ ያስለቅሳል።

ኢንስፔክተሩ ደጀንን አስጠራውና ስለ ሱቁ ሥራ ይጠይቀው ጀመር። በመሃል እስክሪብቶው ከጠረጴዛው ወደቀ። ደጀን ቁጢጥ ብሎ አነሳና ብድግ ብሎ ሰጠው።

"ስንት ሰገድክ ትናንት?" አለው ኢንስፔክተሩ።

"ሦስት መቶ።"

"ሳጅን፣ አንተስ?"

"መቶ ሃምሳ። ከዚያ በላይ ጉልበቴ እምቢ አለኝ።"

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን እንደገና ጣለው። "እስቲ አንሳልኝ፣ ሳጅን።"

ሰለሞን ወደ ወለሉ አየ፣ ወደ አለቃውም አየ። "ጌታዬ፣ ሌላ ቅጣት የለም?"

ደጀን እንኳ ፈገግ ሊል ነበር። ከዚያ የተደረገው ገባውና ፊቱ ተለወጠ።

"አልሰገድክም" አለው ኢንስፔክተሩ። "የት ነበርክ?"

"ልናገር አልችልም።"

"በፌስታሉ ውስጥ ምን ነበር?"

ኢንስፔክተሩ ያለውን ሁኔታ ሳይቆጣ ነገረው። ቁልፉ አንተ ጋ ነው፣ የነበርክበትን ቦታ ዋሽተሃል፣ እስከ ነገ የተለየ ነገር ካልተገኘ ሰኞ በሌብነት ተከሰህ ወደ ወልድያ ትላካለህ። ሚስቱ ሊድያ ውጭ በሩ ላይ ቆማ እንደነበረ፣ ስድስተኛ ወሯ መሆኑንም አነሳበት።

"ልላክ" አለ ደጀን። "ምያለሁ።"

*

ረፋዱ ላይ ከዋጃ ስልክ ተደወለ። አንድ ሰው ከፒክአፕ ላይ ቴሌቪዥን በርካሽ እየሸጠ ነው የሚል ነበር። ኢንስፔክተሩና ሳጅኑ በረሩ። ሰውየው በርግጥ በመኪናው ላይ አምስት ቴሌቪዥን ጭኗል፣ ሰውም ከቦታል። ነገር ግን የእያንዳንዱ ደረሰኝ በእጁ ነው፤ ከአላማጣ የበዓል ባዛር የተረፈውን ነው የሚሸጠው። ቆመው ደረሰኞቹን ሲያዩ፣ ሰውየው ለሳጅኑ ለፖሊስ ልዩ ቅናሽ አለኝ፣ እግርህ ከታመመ ደግሞ ቤትህ ድረስ አደርስልሃለሁ አለው። ሳጅኑ እስከ ቆቦ ድረስ ጭኑን ሲያሽ መጣ።

በመንገድ ላይ ኢንስፔክተሩ የእጅጌውን ቁልፍ ሲፈታና ሲቆልፍ ነበር። ቆቦ ሲደርሱ በቀጥታ በድረዲን ጋ ገባና አንዲት ጥያቄ ጠየቀው። ኤፍሬም ጠዋት ሥራ ሲገባ በሩን የሚከፍትለት ማን ነበር?

በድረዲን እጁን ግንባሩ ላይ ጫነ። "ያ አላህ። ሦስት ነው። ቁልፉ ሦስት ነው። የሟች ነገር ሆኖብኝ ለመጠየቅ አፈርኩ፣ ከዚያም ረሳሁት።"

*

ኢንስፔክተር ኑሀ ቤታችን የመጣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጫማውን በሩ ላይ አወለቀ፣ ፈጣሪ ያጥናችሁ ብሎ ከእናቴ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ስለ ኤፍሬም እንጂ ስለ ሌላ ነገር አላወራም። እሱም ከዓመት በፊት ሬዲዮ አሠርቶት ነበርና።

እናቴ ጌጤ የደጀንን መታሰር አልሰማችም። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ሌላ ክፉ ወሬ አይነገርም፤ እኔም ሰፈሩም ደብቀናታል። ስለዚህ ኢንስፔክተሩን በዓይኔ ለምኜ ወደ ውጭ አወጣሁት።

ስለ ቁልፉ ሲጠይቀኝ ገብቼ የወንድሜን የመሣሪያ ቦርሳ ከሚስማሩ አውርጄ አወጣሁለት። ቁልፉን ሁልጊዜ የሚያኖረው በጎኑ ኪስ ነበር። ዚፑ ክፍት ነው፤ ውስጡ ባዶ። ከሞተ ወዲህ ይህን ቤት ያልረገጠ ሰው አልነበረም። አልቃሹ፣ ውኃ ቀጂው፣ ወንበር አመላላሹ። ደጀንም በየቀኑ ይመጣ ነበር። ምሳ አብሬው የበላሁት፣ ከኔ እኩል ያለቀሰው ሰው ያን ቁልፍ ወስዶ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ያን ማሰቤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

"ትናንት በዚህ ሰፈር ሰው ሞቷል?" አለኝ።

"ኧረ የለም።"

"ድንኳን የተተከለበት ቤትስ?"

የለም አልኩት። ለምን እንደጠየቀኝ አልገባኝም።

ቀጥሎ ትናንት ቀን በግቢው ማን እንደነበር ጠየቀኝ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። እማዬ እግሯም ጆሮዋም ስለደከመ ብቻዋን ቤት ዋለች። ሌላው በግድግዳ የሚዋሰነን ተከራያችን ሄኖክ ነው። ሄኖክ የሰው ባጃጅ ይነዳል፣ የበድረዲንንም ዕቃ ለገዢዎች ያደርሳል። ለኤፍሬም ድንኳን የተከለው፣ ወንበር ያመላለሰው እሱ ነው፤ የእድሩን ዕቃ የሚጠብቅ እሱ ነውና።

ሄኖክ ከክፍሉ ወጣ። ሰላምታው እንደ ሁልጊዜው ነበር። ጠዋት ሲሰግድ ቆይቶ ሆዱን ስላመመው ስድስት ሰዓት ላይ መጥቶ እስከ ዘጠኝ ተኝቶ እንደዋለ ተናገረ።

"ከእማማ ጌጤ ቤት የሰማኸው ነገር አለ?" አለው ኢንስፔክተሩ። "የሰው ድምፅ፣ ኮቴ፣ ምንም?"

"የሐዘን ቤት አይደል እንዴ፣ ጌታዬ? ኤፍሬም ከሞተ ወዲህ ከዚህ ቤት የቴሌቪዥንም የሬዲዮም ድምፅ ወጥቶ አያውቅም። ትናንትማ ጭራሽ፤ ግድግዳው ራሱ የተኛ ነበር የሚመስለው።"

ኢንስፔክተሩ አመስግኖ ወደ ቤት ተመለሰ። እኔ ተከተልኩት። ቀጥ ብሎ የሄደው ጥጉ ላይ ወዳለው የኤፍሬም ቴሌቪዥን ነው። ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ ጥቁር ጨርቅ ለብሷል። የጨርቁን ጫፍ በሁለት ጣቱ ገለጥ አደረገ።

"ይህን ማን ነው ያለበሰው?"

"እኔ።"

"ሃያ ስድስት ቀን የቆየ ጨርቅ አቧራው ላዩ ላይ ነው መሆን ያለበት። የዚህ ላዩ ንጹህ ነው፣ አቧራው በውስጥ ነው።"

ጨርቁ ተገፎ፣ ሲመለስ ተገልብጧል። ከትናንት ጀምሮ በፊቱ እያለፍኩ አላየሁትም። ወደ እናቴ ዞርኩ። አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጥለት ትቋጥራለች።

ኢንስፔክተሩ ከፊቷ ቁጢጥ አለና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ግን በእርጋታ ተናገራት።

"እማማ፣ ደጀን ታስሯል። ትናንት በስድስት ሰዓት ሰርቀሃል ተብሎ ነው። የት እንደነበረ አልናገርም ብሏል።"

እናቴ ቀና አለች። እኔን ያየችበትን ዓይን አልረሳውም።

"ደብቃችሁኝ?" አለች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። "ልጁን ፍቱት። እኔ ጋ ነበር።"

*

የነገረችን ይህ ነው። ኤፍሬም በሥራው ላይ ሳለ ራሱን የቀረጸባት አንዲት ፍላሽ ነበረችው። የደንበኛን ቴሌቪዥን የሚሞክረው በእሷ ነው። ደጀን ፍላሿ ሱቅ ውስጥ እንዳለች ሲነግራት፣ ድምፁን አንድ ጊዜ አሰማኝ ብላ እግሩ ላይ ልትወድቅ ደረሰች። ግን አርባው ሳይወጣ ሐዘን ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም። ስለዚህ ግቢው ባዶ የሚሆንበትን ቀን መረጡ፤ እሱም ስቅለት ሆነ። የኤፍሬም የራሱ ቴሌቪዥን ድምፅ ከጠፋበት ዓመት አልፎታል፤ የሰውን ሲሠራ የራሱን ለነገ እያለ ነው የሞተው። ደጀን በጥቁሩ ፌስታል ይዞ የመጣው ፍላሿንና ከቤቱ ያወጣውን ትንሽ ስፒከር ነበር።

"ጆሮዬ አይሰማም፣ ጨምርልኝ አልኩት፤ እስከ መጨረሻው ጨመረው። ሲያልቅ ድገምልኝ እላለሁ፣ ይደግምልኛል። ስምንት ሰዓት እስኪያልፍ።" ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። "ሰው ምን ይላል? ልጇን ቀብራ፣ በስቅለት ቀን ቴሌቪዥን ከፈተች ይላል። ለማንም እንዳትናገር ብዬ በኤፍሬም ስም አስማልኩት።"

ስፒከሩ አልጋዋ ሥር፣ ፍላሿም ቴሌቪዥኑ ጎን ላይ እንደተሰካች ተገኙ።

ኢንስፔክተሩ አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና እንዲከፈት እናቴን አስፈቀደ። እሷም እሺ አለች። እኔን በትናንቱ መጠን አድርገሽ ክፈቺው አለኝና ወጣ። ሄኖክን እንግባ ሲለው፣ የሄኖክም በር ሲከፈት ሰማሁ።

ጨርቁን ገፈፍኩና ስፒከሩን ሰክቼ ከፈትኩት።

ወንድሜ በሰማያዊ የሥራ ካፖርቱ መጣ። ካሜራው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ።

"ይሰማል?" አለ። ድምፁ ቤቱን ሞላው። "አንተ ጥግ ላይ ያለኸው፣ ይሰማሃል? ካልሰማህ እጅህን አውጣ።"

ከኋላ የደጀን ሳቅ ይሰማል። "ካልሰማ እጁን እንዴት ያወጣል?"

"ፈተናው እሱ ነዋ፣ አንተ ሰውዬ።"

ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ጣሪያው ኮርኒስ የለውም፤ ሁለቱን ቤት የሚለየው የሰው ቁመት የሚያህል ጭቃ ብቻ ነው። በማዶ የሆነውን ኢንስፔክተሩ ነው የነገረኝ። ሄኖክ የመጀመሪያው "ይሰማል" ሲመጣ እንደተመታ ሰው ወደ ግድግዳው ዞሯል።

"ኤፍሬም ነው?" አለ።

"ኤፍሬም ነው። ትናንት ከስድስት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት እንዲህ ሲል ነው የዋለው። አንተ ተኝቼበት ነበር ያልከው አልጋ ይኸው።"

ሄኖክ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ሐዘን ቤት ነው፣ ምን ድምፅ ይኖራል ብሎ ነበር የተማመነው። ማንም ሰው ቢሆን እንደዚያ ይማመን ነበር።

"ድንኳኑ ሥር ናቸው" አለ።

ከፍራሹ ሥር የሱቁን ቁልፍ አውጥቶ ሰጠው። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን፣ ወንበር ለማውጣት ሲገባ ከቦርሳው ወስዶት ነበር። ቴሌቪዥኖቹን በሁለት ዙር በእድሩ ድንኳን ሸፍኖ በባጃጅ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት አገባቸው። ያ ቤት ሰው ካልሞተ አይከፈትም፤ ቁልፉም እሱ ጋ ነው። ድንኳን የጫነ ባጃጅ ደግሞ ሰው አያስቆመውም፣ ነፍስ ይማር ብሎ ያሳልፈዋል።

ለምን ሲለው፣ "የሰው ባጃጅ ስነዳ አሥር ዓመቴ ነው። አንድ የራሴን ልያዝ ብዬ ነው" አለ። ሲወጣ በእናቴ በር ፊት ቆም አለ፤ ሊገባ ግን አልደፈረም።

*

ስድስቱ ካርቶኖች በዚያው ቀን ለባለቤቶቻቸው ደረሱ። ደጀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ተፈታ፤ ከሊድያ ጋር መጀመሪያ የመጣው እኛ ቤት ነው። እናቴ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዛት። ምዬልሽ እኮ ነው፣ እማማ፣ አላት። እኔም ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ ምክንያቱን ለመናገር አቃተኝ፤ አሁንም አልነገርኩትም።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት እናቴ የፆም መፍቻ በሳህን ቀንሳ በጨርቅ ቋጠረችና ጣቢያ ወስደሽ ለሄኖክ ስጪው አለችኝ። ምን ብዬ ልስጠው አልኳት።

"ምንም አትበይው። ድንኳን የተከለልን እሱ ነው።"

ስመለስ ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል። ሀስና ሳትቀር ቲማቲሟን ትታ መጥታለች። ወሬው ቆቦን ዞሯል፤ ሁሉም ሰው እናቴ በስቅለት ቀን ያደረገችውን ያውቃል። እሷም ይህን ታውቃለችና አንገቷን ሰብራ አንድ ሰው አፉን እስኪከፍት ትጠብቃለች። የከፈተችው ሀስና ነች።

"እማማ ጌጤ፣ ብቻሽን ሰምተሽው እኛን ልትከለክይን ነው?"

ማንም አልሳቀም። እናቴ ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው፣ በመጨረሻ እኔን። ተነስቼ ጨርቁን ገፈፍኩ። ሐዘን ቤት ነው ብዬ የስፒከሩን ድምፅ ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት።

ኤፍሬም ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

"ይሰማል? አንተ ጥግ ላይ ያለኸው፣ ይሰማሃል? ካልሰማህ እጅህን አውጣ።"

ከጥጉ፣ ከመደቡ ላይ፣ እናቴ እጇን አወጣች።

ድምፁን ጨመርኩላት።